የማግኔት ምት ሕክምና፦ የተረጋገጠው የቱ ነው? የተጨመረበትስ?

ወገቡን ወይም ጉልበቱን ለዓመታት የሚያመው ሰው አንድ ቀን የዚህ ሕክምና ወሬ ጆሮው መድረሱ አይቀርም። ወይ ስልኩ ላይ ቪዲዮ ይመጣለታል፣ ወይ ዘመድ «እኔን እንዲህ አደረገኝ» ይለዋል፣ ወይ ማሳጅ ቤት ገብቶ ማሽኑን ያየዋል። አንዳንዱ ምንጣፍ ይመስላል፤ ሰው ይተኛበታል። አንዳንዱ ደግሞ ወፍራም ክብ ገመድ ነው፤ ትከሻ ወይም ጉልበት ላይ ይደረጋል። ማሽኑ ይበራና 20 ወይም 30 ደቂቃ ይቆያል። ከዚያ «ተነሱ፣ ሞክሩት» ይባላል።

ስሙ በምሕጻር ፒኢኤምኤፍ ነው። እኔ እዚህ ላይ የማግኔት ምት እለዋለሁ፤ ምክንያቱም የሚያደርገው ነገር ይኸው ነው። የማግኔት ኃይልን ሳያቋርጥ ሳይሆን በምት በምት ይለቃል።

የሚባልለት ብዙ ነው። ሕመም ያስታግሳል፣ አጥንት ይጠግናል፣ እንቅልፍ ይሰጣል፣ ደም ያዘዋውራል፣ ሴሎችን ቻርጅ ያደርጋል ይባላል። ሲብስም ስኳርና ካንሰር ውስጥ ይገባሉ። ዋጋው ከጥቂት መቶ ዶላር ተነስቶ ብዙ ሺህ ዶላር ይደርሳል።

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ የሁለት ዓይነት ሰዎች ነገር ነው። አንደኛው «ማግኔት» የሚለውን ሲሰማ ገና «ማጭበርበር ነው» ብሎ ሁሉንም በአንድ ላይ ይጥላል። የአጥንት ሐኪም በወረቀት ቢያዝለት እንኳ አይቀበልም። ሁለተኛው ምንጣፉን ገዝቶ የደም ግፊት ክኒኑን ያቆማል። ሁለቱም ይጎዳሉ። ነገሩ እውነት የሆነበት ቦታ አለ፤ ቦታው ግን ጠባብ ነው። ድንበሩ የት እንደሆነ ማወቅ ለሁለቱም ይጠቅማል።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ማሽኑ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?

ሽፋኑ ቢገለጥ የሚገኘው የተጠቀለለ የመዳብ ሽቦ ነው። መካኒኮች ኮይል የሚሉት። በሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ዙሪያው ማግኔት ይሆናል። ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ማግኔቱም ይጠፋል። ማሽኑ ይህን በሰከንድ ብዙ ጊዜ እየደጋገመ ያደርጋል፤ ያበራል፣ ያጠፋል፣ ያበራል።

ቁም ነገሩ ያለው በማብራትና በማጥፋቱ ላይ ነው። እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዳይ በ1831 ያገኘው ሕግ አለ፦ የማግኔት ኃይል ሲለዋወጥ፣ አጠገቡ ባለ ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ነገር ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጥራል። ጄኔሬተር የሚሠራው በዚህ ሕግ ነው። የግድቦቻችን ተርባይኖች መብራት የሚሰጡን በዚሁ ነው። ሰውነታችን ደግሞ ጨውና ውኃ የሞላበት ስለሆነ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ስለዚህ ምቱ ሥጋ ውስጥ ሲገባ እጅግ ትንሽ የሆነ ኤሌክትሪክ ይፈጥራል። ማግኔት ቆዳም ሆነ ጀሶ አያግደውም። ጀሶ ሳይፈታ፣ ቆዳ ሳይቀደድ፣ ውስጥ ያለው አጥንት ጋ ይደርሳል። የአጥንት ሐኪሞችን የሳባቸው ይህ ነው።

ከዚሁ ሕግ አንድ ሌላ ነገር ይከተላል። የማይለዋወጥ ማግኔት በረጋ ሥጋ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ኤሌክትሪክ አይፈጥርም። በእጅ የሚታሰር የማግኔት አምባር፣ ጫማ ውስጥ የሚገባ የማግኔት ሶል፣ ወገብ ላይ የሚጠመጠም የማግኔት ቀበቶ ሁሉ ከዚህ ሕክምና ጋር ዝምድና የላቸውም። ሻጮች ግን ስለ አንዱ የተጠናውን ለሌላው ማስረጃ አድርገው ያቀርባሉ።

ጉልበቱ ስንት ነው?

የማግኔት ጉልበት የሚለካው በቴስላ ነው። የቴስላ አንድ ሺህኛ ሚሊቴስላ፣ አንድ ሚሊዮንኛ ደግሞ ማይክሮቴስላ ይባላል። ኮምፓስ የሚያዞረው የምድር ማግኔት ከ25 እስከ 65 ማይክሮቴስላ ነው። ለቤት ከሚሸጡት ምንጣፎች ብዙዎቹ በዚሁ በማይክሮቴስላ ደረጃ ይሠራሉ። ለአጥንት በሐኪም የሚታዘዘው የታወቀ መሣሪያ ወደ 2 ሚሊቴስላ ይደርሳል። አእምሮን ለማነቃቃት ሆስፒታል ውስጥ የሚሠራበት ማሽን ከ1 ቴስላ ያልፋል።

ሁሉም «የማግኔት ምት» ይባላሉ። ሻማም የብየዳ እሳትም ብርሃን ይሰጣሉ፤ በሻማ ግን ብረት አይበየድም። ስለዚህ አንድ ሰው «ተጠንቷል» ሲላችሁ የትኛው ማሽን፣ በስንት ጉልበት፣ በየትኛው ሕመም ላይ እንደተጠና መጠየቅ ተገቢ ነው። ጉልበቱ ብቻም አይበቃም። ምቱ በምን ፍጥነት ይነሳል፣ በሰከንድ ስንቴ ይመታል፣ በቀን ስንት ሰዓት ይደረጋል የሚለውም ውጤቱን ይለውጣል። በመድኃኒት ቢሆን ስሙን፣ መጠኑንና ሰዓቱን ሳይነግሩን «ክኒን ነው፣ ዋጠው» ቢሉን አንቀበልም ነበር።

ታሪኩ የሚጀምረው ከአጥንት ነው

በ1957 ሁለት ጃፓናውያን፣ ፉካዳ እና ያሱዳ፣ አጥንት ሲጫኑት ትንሽ ኤሌክትሪክ እንደሚያመነጭ አሳዩ። አጥንት ደግሞ በሚሸከመው ጭነት ልክ ራሱን እንደሚያጠነክር ከዚያ በፊትም ይታወቅ ነበር። በእግሩ የሚሄድ ሰው አጥንቱ ይጠነክራል፤ ወራት አልጋ ላይ የቆየ ሰው አጥንቱ ይሳሳል። ጥያቄው ቀላል ነበር፦ አጥንቱ «ሥራ» የሚል መልእክት የሚደርሰው በዚያ ኤሌክትሪክ ይሆን? ከሆነስ እኛው ከውጭ ብንልክለትስ?

ይህን ጥያቄ አጥብቆ የያዘው በኒውዮርክ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የአጥንት ቀዶ ሐኪም የነበረው አንድሩ ባሴት ነው። እሱና ባልደረቦቹ በ1974 በውሾች አጥንት ላይ የሠሩትን ሙከራ አሳተሙ። በመቀጠል ወደ ሰው አመጡት። በ1979 የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር፣ ኤፍዲኤ፣ መሣሪያውን ፈቀደ። የፈቀደው ግን አልገጥም ላለ ስብራት ነው።

አልገጥም ያለ ስብራት ማለት ምን እንደሆነ እንየው። አብዛኛው ስብራት ተስተካክሎ ከታሰረ በጥቂት ወራት ውስጥ ይገጥማል። አንዳንዱ ግን እንቢ ይላል። በኤፍዲኤ አገላለጽ፣ ከጉዳቱ ቢያንስ 9 ወር አልፎት በመጨረሻዎቹ 3 ወራት ራጅ ላይ ምንም መሻሻል ያላሳየ ስብራት አልገጠመም ይባላል። ሰውየው ክራንች ይዞ ዓመቱን ይጨርሳል። ሥራ የለም፣ መንገድ የለም። ያለው ምርጫ ብዙ ጊዜ ሌላ ቀዶ ሕክምና ነው፤ ከዳሌ አጥንት ተወስዶ ስብራቱ ላይ ይደረጋል። ያለ ቢላዋ የሚሆን መፍትሔ መገኘቱ ለእንዲህ ያለው ሰው ትልቅ ነገር ነበር።

መሣሪያው ጀሶው ላይ ወይም እግሩ ላይ የሚታሰር ኮይል ነው። መጀመሪያ አካባቢ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መታሰር ነበረበት። ዛሬ 3 ሰዓት፣ አንዳንዱም 30 ደቂቃ የሚበቃቸው አሉ። የሚቆየው ግን ለወራት ነው። ሰውየው ምንም አይሰማውም። አይሞቅም፣ አይነዝርም።

ታዲያ ይሠራል? እዚህ ላይ በእንግሊዝ አገር ሼፊልድ ከተማ የሆነውን ማየት ደስ ይለኛል። ባርከር እና ሻራርድ ያሉበት ቡድን፣ የቅልጥም አጥንታቸው ቢያንስ ለአንድ ዓመት አልገጥም ያላቸውን 16 ሰዎች ሰበሰበ። 9ኙ የሚሠራ ማሽን፣ 7ቱ ደግሞ መልኩ አንድ ዓይነት ሆኖ የማይሠራ ማሽን ተሰጣቸው። ማን የትኛውን እንደያዘ በሽተኞቹም ሐኪሞቹም አያውቁም። ሁሉም እግራቸው በጀሶ ታሰረ፤ እንዳይረግጡበትም ተነገራቸው። ከ24 ሳምንት በኋላ የሚሠራውን ከያዙት 9 ሰዎች የ5ቱ አጥንት ገጠመ። የማይሠራውን ከያዙት 7 ሰዎችም የ5ቱ ገጠመ። ውጤቱ በ1984 ታተመ። ለዓመት አልገጥም ያለ አጥንት፣ በደንብ ታስሮ ካረፈ ያለ ማግኔትም ሊገጥም ይችላል ማለት ነው። ያለ ማወዳደሪያ ቢሠራ ኖሮ ምስጋናውን ሁሉ ማሽኑ ይወስደው ነበር።

ነገር ግን ታሪኩ በዚያ አላበቃም። ያው ሻራርድ በ1990 ሌላ ሙከራ አሳተመ። በዚህኛው የቅልጥማቸው መግጠም የዘገየባቸው 45 ሰዎች ነበሩ። ራጁን የሚያነበው ሐኪም ማን የትኛውን ማሽን እንደያዘ አያውቅም። ከ12 ሳምንት በኋላ፣ የሚሠራውን ከያዙት 20 ሰዎች የ5ቱ ገጠመ፣ የሌላ 5ቱ መሻሻል አሳየ። የማይሠራውን ከያዙት 25 ሰዎች አንዱ ገጠመ፣ አንዱ ተሻሻለ፤ የ23ቱ ባለበት ቀረ። ይህ በቀላሉ የሚታለፍ ልዩነት አይደለም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሠርቷል። በ2011 በታተመ የአውስትራሊያ ጥናት 259 ሰዎች ቅልጥማቸው እንደተሰበረ ወዲያውኑ ከፊሎቹ የሚሠራ፣ ከፊሎቹ የማይሠራ መሣሪያ ተሰጣቸው። የሚሠራው መሣሪያ ድጋሚ ቀዶ ሕክምና ከማስፈለግ አላዳናቸውም። ስለዚህ ገና ለገና ስብራት ሁሉ ላይ ማሰር አይጠቅምም። በ2016 ደግሞ 15 ጥናቶች አንድ ላይ ተደምረው ታዩ። በኤሌክትሪክና በማግኔት ማነቃቂያ የታከሙት ሰዎች አጥንት ራጅ ላይ አለመግጠሙ በ35 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ሕመምም በትንሹ ቀነሰ። በእግራቸው የመሥራትና የመሄድ ችሎታቸው ግን ከሌሎቹ ተሽሎ አልታየም።

የኔ ግምት ይህ ነው፦ በአጥንት ላይ ነገሩ እውነት አለው፤ ግን መጠነኛ ነው። የሚሠራውም ሌላው ነገር ሁሉ በቦታው ሲሆን ነው። አጥንቱ የሚወዛወዝ ከሆነ ማግኔት አይጠግነውም። ቁስሉ ውስጥ ኢንፌክሽን ካለ አይጠግነውም። በተሰበሩት ጫፎች መካከል ከ1 ሴንቲሜትር በላይ ክፍተት ካለም አይረዳም። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው አጥንቱ ቶሎ አይገጥምም፤ ሲጋራውን ማቆም ምንም ወጪ የለውም።

አገራችን ውስጥ ይህን ማንሳት የግድ ነው። ብዙ ሰው ሲሰበር መጀመሪያ የሚሄደው ወጌሻ ጋ ነው። ወጌሻ ያዳናቸው ብዙ ናቸው። ግን አጥብቆ በማሰር ደም ተቋርጦ እግር ወይም እጅ እስከ መቆረጥ የደረሰባቸውም አሉ፤ የአጥንት ሐኪሞቻችን ይህን ሁሌ ያያሉ። የተሰበረ ልጅ ጣቶቹ ከጠቆሩ፣ ከቀዘቀዙ ወይም ስሜት ካጡ ማሰሪያው በዚያው ሰዓት መፈታት አለበት። ጠማማ ሆኖ የገጠመን አጥንት ወይም የሞተን ሥጋ የትኛውም የማግኔት ምት አይመልሰውም።

ጉልበትና ወገብስ?

ከተሰበረ አጥንት ይልቅ ብዙ ሰው የሚጠይቀው ስለዚህ ነው። እናቶቻችን «ጉልበቴ አለቀ» የሚሉት ሕመም፣ በመገጣጠሚያው ጫፍ ላይ ያለው ልስልስ አጥንት ሲበላ የሚመጣው ነው። በ2013 ኮክሬን የተባለው ጥናቶችን እየሰበሰበ የሚመዝን ዓለም አቀፍ ተቋም 9 ጥናቶችን፣ በድምሩ 636 ሰዎችን፣ አይቶ ነበር። ሕመም ከ0 እስከ 100 ሲለካ፣ የማግኔት ሕክምና ያገኙት ሰዎች ካላገኙት በ15 ነጥብ ገደማ የተሻለ እፎይታ አገኙ። መራመድና ደረጃ መውጣትን በመሰለው የዕለት ተዕለት ተግባር ግን የተረጋገጠ ልዩነት አልታየም።

15 ነጥብ ባዶ አይደለም። ሌሊት በጉልበት ሕመም ለምትነቃ ሴት ትልቅ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የተበላውን ልስልስ አጥንት መልሶ ያበቅላል ማለት አይደለም። ማስታወቂያው ላይ የሚታየው የታደሰ ጉልበት ሥዕል ከዚህ ጥናት የወጣ አይደለም። የጭን ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴና ክብደት መቀነስ ለዚህ ሕመም ከየትኛውም ምንጣፍ የበለጠ ማስረጃ አላቸው። ፊዚዮቴራፒስት በሁለት ሦስት ቀጠሮ ያሳያችኋል፤ ከዚያ ቤት ውስጥ በወንበር መሥራት ይቻላል።

ለወገብ ሕመም ያለው ጥናት ሳሳ ያለ ነው። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ላለ ሕመምና እብጠት ግን በሬዲዮ ሞገድ የሚሠሩ ትናንሽ መሣሪያዎች አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ አግኝተዋል። እነሱ ከምንጣፉ የተለዩ ናቸው።

ለድብርት የሚደረገው ሌላ ነው

የሼፊልዱ ባርከር በ1985 ሌላ ነገር አደረገ። ጠንካራ የማግኔት ምት ከራስ ቅል በላይ አድርጎ፣ ያለ ሕመም፣ የአንጎልን አንድ ቦታ አነቃቃ፤ የሰውየው እጅ ነጠረ። ዛሬ ቲኤምኤስ የሚባለው ሕክምና የመጣው ከዚያ ነው። ኤፍዲኤ በ2008 መድኃኒት ላልረዳው ድብርት ፈቀደው፤ በ2018 ደግሞ ሐሳብ አልለቅ ብሎ ድርጊት ለሚያስደጋግም የጭንቀት ሕመም።

ይህ በሕክምና ተቋም ውስጥ፣ በሠለጠነ ባለሙያ፣ በሳምንት 5 ቀን ለ4 እስከ 6 ሳምንት የሚሰጥ ነው። ሲመታ ይጮኻል፣ ጭንቅላት ላይም እንደመታ መታ ይሰማል። የሚጥል በሽታን የመቀስቀስ አነስተኛ አደጋም ስላለው አስቀድሞ ይመረመራል። የሚተኛበት ምንጣፍ ሻጭ «ለድብርት የተፈቀደ ነው» ካላችሁ የሌላውን ፈቃድ እየጠቀሰ ነው። ድብርት ያለበት ሰው በዚህ ቢታለል የሚያጣው ገንዘብ ብቻ አይደለም።

ስለ ሴል ባትሪ፣ ስለ ምድር ትርታና ስለ ናሳ

ሦስት ነገሮች በየማስታወቂያው ይደጋገማሉ።

የመጀመሪያው «ሴሎቻችሁ ባትሪ ናቸው፣ ቻርጅ አልቆባቸዋል» የሚለው ነው። እውነት ነው፣ የሴል ሽፋን ከውስጥና ከውጭ የኤሌክትሪክ ልዩነት አለው፤ በነርቭ ሴል ላይ 70 ሚሊቮልት ገደማ ይሆናል። ይህን የሚጠብቀው ሴሉ ራሱ ነው፤ ሶዲየምንና ፖታሲየምን እየለየ በማስወጣትና በማስገባት። ጉልበቱንም ከምንበላው ምግብና ከምንተነፍሰው አየር ያገኛል። የማግኔት ምት እንደ ስልክ ቻርጀር ሴል ውስጥ ጉልበት አያጠራቅምም። በአጥንት ሴል ላይ የሚታሰበው አሠራር ሌላ ነው፤ በካልሲየም በኩል የሚሄዱ መልእክቶችን ያነሳሳል፣ ሴሉም አጥንት ገንቢ ፕሮቲኖችን ያመነጫል።

ሁለተኛው 7.83 ሄርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 7.83 ጊዜ፣ የሚለው ነው፤ «የምድር የልብ ትርታ» ይሉታል። ይህ ቁጥር እውነተኛ ነው። ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ቪንፍሪድ ሹማን በ1952 የተነበየው፣ መብረቅ በምድርና በላይኛው ከባቢ አየር መካከል የሚፈጥረው ሞገድ ነው። ግን ጉልበቱ እጅግ ደካማ ነው፤ የማይክሮቴስላ አንድ ሚሊዮንኛ አካባቢ። ከምንጣፉ የሚወጣው በሚሊዮን እጥፍ ይበልጠዋል። ቁጥሩ ስለተመሳሰለ ብቻ ሰውነት ከምድር ጋር «ይታረቃል» የሚለው ማስረጃ የለውም።

ሦስተኛው «ናሳ ያረጋገጠው» የሚለው ነው። በ2003 የወጣ የናሳ የጥናት ጽሑፍ በእርግጥ አለ። የተሠራው ላብራቶሪ ውስጥ በሚያድጉ የሰው የነርቭ ሴሎች ላይ ነው። ሴሎቹ በሚለዋወጥ የማግኔት ኃይል ውስጥ ሲያድጉ ለውጥ አሳይተዋል። ጥሩ ሳይንስ ነው። ግን ማንም ሰው ምንጣፍ ላይ አልተኛም፣ የማንም ወገብ አልዳነም። በሴል ላይ የታየው በሰው ላይ ሳይደገም የሚቀርበት ጊዜ ከሚደገምበት ይበልጣል።

«እኔ ግን ተሻለኝ»

ይህን የሚል ሰው ውሸታም አይደለም። ተሽሎታል። ጥያቄው በምን ተሻለው የሚለው ነው።

የወገብና የጉልበት ሕመም ይመጣል ይሄዳል። ሰው ገንዘብ አውጥቶ ሕክምና የሚፈልገው በጣም ሲብስበት ነው። ከባሰበት ጫፍ ላይ ሲነሳ ደግሞ ምንም ባይደረግለትም የሚከተሉት ሳምንታት ሻል ይላሉ። በዚያ ላይ ግማሽ ሰዓት በጸጥታ መተኛት አለ። የሚያዳምጥ፣ የሚያበረታታ ሰው አለ። ተስፋም በራሱ ሕመምን ይቀንሳል፤ ይህ በጥናት የታወቀ ነው።

ይህን ለመለየት ብቸኛው መንገድ የማይሠራ ማሽን ነው። ዘዴው ያረጀ ነው፤ የተጀመረውም፣ የሚገርመው፣ ከማግኔት ጋር ነው። በ1784 ፓሪስ ውስጥ መስመር የተባለ ሐኪም «የእንስሳ ማግኔት» በሚለው ሕክምና ከተማውን አነቃንቆ ነበር። ሰዎች ይንቀጠቀጣሉ፣ ይወድቃሉ፣ «ዳንን» ይላሉ። ንጉሥ ሉዊ 16ኛ አጣሪ ቡድን አቋቋመ። በውስጡ ያኔ የአሜሪካ መልእክተኛ የነበረው ቤንጃሚን ፍራንክሊንና የኬሚስትሪው ሊቅ ላቯዚየ ነበሩ።

ፓሲ በሚባለው ሰፈር፣ ፍራንክሊን ቤት ባለው የአትክልት ስፍራ፣ የመስመር ተከታይ የሆነው ሐኪም ደስሎን አንድ ዛፍ መርጦ «ማግኔት ሞላበት»። ከዚያ 12 ዓመት ገደማ የሆነ ልጅ ዓይኑ ተሸፍኖ መጣ። ልጁ ለዚህ ሕክምና ስሜቱ ቅርብ ነው ተብሎ የተመረጠ ነበር። አንድ በአንድ ዛፎቹን እንዲያቅፍ አደረጉት። በመጀመሪያው ዛፍ አላበው፣ አሳለው። በሁለተኛው ራሱን አዞረው። በሦስተኛው ባሰበት፤ «እየቀረብኩ ነው» አለ። በአራተኛው ራሱን ስቶ ወደቀ። አራቱም ግን ማግኔት ተሞላበት የተባለው ዛፍ አልነበሩም። እሱ ገና ራቅ ብሎ ነበር።

ልጁ አላስመሰለም። ላቡም መውደቁም እውነት ነበር። የመጣው ግን ከዛፉ አልነበረም።

ዛሬም የማግኔት ምት ለእንዲህ ዓይነት ሙከራ የተመቸ ነው። ደካማው ማሽን ምንም ስለማይሰማ፣ ይሥራ አይሥራ በሽተኛው መለየት አይችልም። ጡንቻ የሚያስነጥሩት ትልልቆቹ ማሽኖች ግን ሌላ ናቸው። ሲመቱ ሰው ይሰማዋል፤ ስለሚሰማውም «አንድ ነገር እየሠራ ነው» ብሎ ያምናል። የጡንቻ መንጠር በራሱ መዳን አይደለም።

ፈቃድ የሚባለው ነገር

«ኤፍዲኤ የተመዘገበ» የሚል ጽሑፍ ብዙ ሰው ያሳምናል። መመዝገብ ማለት አምራቹ ስሙንና ዕቃውን ዝርዝር ውስጥ አስገባ ማለት ብቻ ነው። ኤፍዲኤ ለተመዘገበ መሣሪያ ሰርተፍኬት አይሰጥም፤ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ «የኤፍዲኤ ሰርተፍኬት» ካያችሁ ከሌላ ቦታ የመጣ ነው። ሁለተኛው ደረጃ፣ ዕቃው ከዚህ በፊት ከተፈቀደ መሣሪያ ጋር ይመሳሰላል ተብሎ መሸጥ እንዲችል የሚለቀቅበት ነው። ሦስተኛውና ከባዱ፣ ደኅንነቱና ጥቅሙ በማስረጃ ተመርምሮ የሚጸድቅበት ነው። ለአጥንት የሚታዘዙት መሣሪያዎች ያለፉት በዚህ በኩል ነው። ብዙዎቹ ምንጣፎች ደግሞ «ለአጠቃላይ ደኅንነት» በሚል ስም ይሸጣሉ። በዚህ ስም የሚሸጥ ዕቃ በሽታ ይፈውሳል ብሎ ማስተዋወቅ አይችልም። ሻጩ በቃል የሚናገረውን ከማኑዋሉ ጋር አስተያዩት፤ «በሽታን ለማከም የተዘጋጀ አይደለም» የሚል መስመር ብዙ ጊዜ እዚያው ታገኛላችሁ።

እኛ አገር የሕክምና መሣሪያዎችን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። ማሽን አስገብቶ «እናክማለን» የሚልን ቤት ለየትኛው ሕመም እንደተፈቀደለት መጠየቅ መብታችሁ ነው።

መራቅ ያለበት ማነው?

ልብ ውስጥ ፔስሜከር ወይም ሌላ የልብ ምት ማስተካከያ የተተከለበት ሰው ወደነዚህ ማሽኖች አይጠጋ። ጆሮ ውስጥ የተተከለ የመስሚያ መሣሪያ፣ የኢንሱሊን ፓምፕ ወይም ነርቭ የሚያነቃቃ መሣሪያ ያለበትም እንዲሁ። ማግኔቱ ሥራቸውን ሊያዛባ ይችላል። ነፍሰ ጡርና የሚጥል በሽታ ያለበት ሰውም ሐኪም ሳያማክሩ አይሞክሩት። ለቀረው ሰው ደካማው ማሽን በራሱ ከባድ ጉዳት ያደርሳል የሚያሰኝ ማስረጃ የለም።

ትልቁ ጉዳት በሌላ በኩል ይመጣል። የወገብ ሕመም ከትኩሳት፣ ከክብደት መቀነስ፣ ከእግር መስነፍ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካለመቻል ጋር ከመጣ ሌላ በሽታ ሊኖር ይችላል፤ የአከርካሪ ቲቢ እኛ ጋ እንግዳ አይደለም። እንዲህ ያለው ሰው 10 ቀን ምንጣፍ ላይ ሲተኛ የሚባክነው ጊዜ ነው። የስኳርና የግፊት መድኃኒትንም ማንም ማሽን አይተካም።

አሜሪካ ሆናችሁ ለእናታችሁ ልትልኩ ካሰባችሁ ደግሞ፣ መጀመሪያ የጉልበታቸውን ራጅና የሐኪማቸውን ቃል ጠይቁ። ፔስሜከር እንደሌላቸውም አጣሩ። እዚያ በ120 ቮልት የሚሠራ ማሽን በእኛ 220 ሲሰካ ይቃጠላል፤ ሁለቱንም የሚቀበል መሆኑን ከጀርባው አንብቡ። ሳይጠቅም ቢቀር የሚመለስበት ቀነ ገደብም በጽሑፍ ይኑራችሁ።

አጥንታችሁ አልገጥም ብሎ ወራት ካለፋችሁ ግን የምትሄዱት ማሳጅ ቤት አይደለም። የአጥንት ሐኪማችሁን ሦስት ነገር ጠይቁት፦ ክፍተቱ ስንት ነው? አጥንቱ ረግቶ ተይዟል? ኢንፌክሽን የለም? መልሶቹ ደኅና ከሆኑ የማግኔት መሣሪያ ይረዳኝ እንደሆነ ብላችሁ አንሱት። ካዘዘላችሁ የተባለውን ሰዓት ሳታጎድሉ እሰሩት። ብዙዎቹ መሣሪያዎች ስንት ሰዓት እንደተሠራባቸው ውስጣቸው ይመዘግባሉ፤ ሐኪሙም በቀጠሮ ቀን ያንን ከአዲሱ ራጅ ጋር አድርጎ ያየዋል።